ሰውዬው ይጥፋ፣ እናንተ አትጥፉ፦ የጫካ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ በጆሮ እንዴት ይሰማል?

የምኖረው ካራ ነው። ከመገናኛ በኮተቤ በኩል የሚመጣው ታክሲ ሰው አራግፎ የሚመለስበት የከተማው ጫፍ። ከሰፈራችን በላይ የየካ ተራራ ባሕር ዛፍ ሽቅብ ይቀጥላል። ማታ ጅብ ይጮኻል። ጠዋት እንጨት የተሸከሙ እናቶች በበራችን ያልፋሉ። ጫካ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም።

ምናልባት ለዚህ ይሆናል ጫካ ውስጥ ስለጠፋ ተጓዥ የሚተርኩ ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶች የያዙኝ። የእንግሊዝኛ ናቸው፤ በስልክ ነው የምሰማቸው። እስካሁን አራት ጨርሻለሁ። አንዱን ግን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ። መጽሐፉ ምንም አላጠፋም። ሰውዬው ጫካው ውስጥ ከመጥፋቱ በፊት እኔ ታሪኩ ውስጥ ጠፍቼ ነበር።

የሚነበብ መጽሐፍ ቢያደናግራችሁ ሁለት ገጽ መለስ ትላላችሁ። የሚሰማው አይጠብቃችሁም። ስሙ ያመለጣችሁ ሰው ለሦስት ምዕራፍ «እሱ» እየተባለ ይቀጥላል። በዚያ ላይ የጠፋ ሰው ታሪክ የአቅጣጫ፣ የሰዓትና የርቀት ታሪክ ነው። እነዚህን ካልያዛችሁ የሚተርፋችሁ አንድ ሰው ለ10 ሰዓት ሲያለከልክ መስማት ነው። እኔ ተሳስቼ የደረስኩበትን አካሄድ በተራ ልንገራችሁ።

1. ፋይሉን ቤት ሆናችሁ አውርዱ

አንድ መካከለኛ ልቦለድ ተነቦ ሲቀዳ 10 ሰዓት ገደማ ይወጣዋል። በ64 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሙሉው መጽሐፍ 300 ሜጋባይት አይሞላም። በ128 ከሆነ እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ሰው ድምፅ 64 ከበቂ በላይ ነው።

መንገድ ላይ በቀጥታ ከኢንተርኔት እሰማለሁ ብላችሁ አትነሱ። ሰውዬው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ታዩታላችሁ። የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ተኝታችሁ ይውረድ።

ከየት ለሚለው፣ የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ የቆዩ መጻሕፍትን ሊብሪቮክስ በነፃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች እያነበቡ የሚያስቀምጡበት ቤት ነው። በጎ ፈቃደኛ ሲባል ደግሞ አንዳንዱ ጎበዝ ተራኪ ነው፣ አንዳንዱ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ይመስላል። አምስት ደቂቃ ቀምሳችሁ ወስኑ። አዳዲሶቹ በገንዘብ ናቸው፣ ያውም በዶላር ካርድ። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው በልደቱ ቀን ሽቶ ከሚላክለት መጽሐፍ ይላክልኝ ቢል አይከፋም።

ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረው ሁሉ የተፈቀደ አይደለም። ደራሲውን ከመዝረፉ ሌላ ጉድለትም አለው። አንድ ጊዜ ያገኘሁት ፋይል 31ኛው ምዕራፍ የለውም። ሰውዬው በ30 ወንዝ ይዞት ሲሄድ ትቼው በ32 ሆስፒታል አልጋ ላይ አገኘሁት። ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስታወርዱ ምዕራፎቹን ቁጠሩ።

ማጫወቻውን በተመለከተ ብዙ አልፈላሰፍም። ቪኤልሲ በነፃ ይገኛል፣ ይበቃል። ሦስት ነገር መኖሩን ብቻ አረጋግጡ፦ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ፣ ያቆማችሁበትን የሚይዝ ምልክት፣ ራሱን የሚያጠፋ ሰዓት።

2. ፍጥነት አትጨምሩ

አንዳንድ ሰው ሁሉን ነገር በ1.5 ነው የሚሰማው። የ10 ሰዓቱ መጽሐፍ በ6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልቅለታል። ለዜና ይሁን። ለዚህ ዓይነት ልቦለድ ግን ክፋቱ አለ። ጥሩ ተራኪ «ቅርንጫፍ ተሰበረ» ይልና ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ናት መጽሐፉ። ስታፈጥኑት ዝምታዋም አብራ ታጥራለች፣ ፍርሃቷም ትሄዳለች።

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ባለበት ፍጥነት ስሙት። የተራኪው ዘዬ የሚከብድ ከሆነ፣ በተለይ የስኮትላንድ ሰው ከሆነ፣ ወደ 0.9 አውርዱት። ማንም አያያችሁም። ጆሯችሁ ከተላመደ በኋላ እስከ 1.25 ብትሄዱ 10 ሰዓቱ 8 ይሆናል። ከዚያ በላይ እኔ የለሁበትም።

ጆሮ የሚሠለጥን ነገር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልቦለድ ሲተርክ አንድ ሬዲዮ ከብቦ የሚሰማው ቤተሰብ የሚያፈጥንበት ቁልፍ አልነበረውም። አባቴ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ ታሪኩን ብቻ አይደለም የሚያስታውሰው፤ የት ላይ ትንፋሽ እንደወሰደ ጭምር ነው።

3. አንድ ወረቀት ያዙ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ምዕራፎች ታክሲ ላይ አትስሙ። ቁጭ ብላችሁ፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ ስሙ። ደራሲው በኋላ የሚጠቀምበትን ዕቃ ሁሉ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ቦርሳው ውስጥ ምን አለ? ፉጨት አለው? ክብሪቱ ደረቅ ነው? ለማን ነግሮ ወጣ? አብዛኛውን ጊዜ ለማንም አይነግርም፤ ነግሮ ቢወጣ ልቦለዱ በ40 ገጽ ያልቅ ነበር።

የእኔ ወረቀት የመብራት ሒሳብ ደረሰኝ ጀርባ ነው። ከታች በኩል መኪናውን ያቆመበትን ቦታ በአራት ማዕዘን አደርጋለሁ። ከእሱ የሚወጣው መስመር መንገዱ ነው። መንገዱን የለቀቀበት ጋ ኤክስ። ወንዝ ሲጠቀስ የተጠማዘዘ መስመር፣ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች ከተነገረ ትንሽ ክብ። ካርታው ትክክል መሆን የለበትም። የመጨረሻውን ሳደርግ ወንዙ ሁለት ጊዜ ራሱን አቋርጦ ነበር። ግን «ወንዙን በግራዬ ይዤ ሄድኩ» ሲል ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ።

በቀኝ ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀኖቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ወደ ታች እጽፋለሁ። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። እነዚህ ልቦለዶች ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አንዱ ምዕራፍ ከጠፋው ሰው ጋር፣ ቀጣዩ ከፈላጊዎቹ ጋር፣ ሌላው ደግሞ ከዓመታት በፊት ትቶት ከመጣው ትዳር ጋር። የት እንዳለን የሚነግረን የምዕራፉ ርእስ ነው፦ «ሦስተኛ ቀን፣ ንጋት» ይላል። በወረቀት ላይ በደማቁ ተጽፎ ይታያል። በጆሮ ግን ሁለት ሰከንድ ነው። ያቺን ሁለት ሰከንድ ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ካሳለፋችኋት፣ ፈላጊዎቹ በአራተኛው ቀን ያገኙትን ጫማ ሰውዬው በሦስተኛው ቀን አድርጎት ሲሄድ ትሰሙና ትጃጃላላችሁ። አዲስ ምዕራፍ ሲጀምር የያዛችሁትን ሥራ አቁሙ። ካመለጣችሁ 30 ሰከንድ መልሱ። አትስነፉ።

4. ቁጥሩን ወደ አገር ቤት አምጡት

መጀመሪያ በሰማሁት መጽሐፍ ተራኪው ሌሊቱ «ፊፍቲ ዲግሪ» ሆነ አለ። እኔ ዳሎል ታየኝ። ሰውዬው ግን ይንቀጠቀጣል። ለሁለት ምዕራፍ ወባ ይዞት ነው ብዬ ነበር የምከታተለው። አሜሪካኖች የሚቆጥሩት በፋራናይት ነው። 50 ፋራናይት 10 ሴንቲግሬድ ነው፤ የኅዳር ሌሊት ካራ ላይ በሉት። 32 ካለ ውሃ የሚረጋበት ዜሮ ደርሷል። በጭንቅላት ለማስላት 30 ቀንሱና ለ2 አካፍሉ። ድፍን ባይሆንም ይጠጋል።

ታዲያ 10 ዲግሪ ሰው ይገድላል ወይ? ከለበሰ፣ ከደረቀ፣ አይገድልም። ልብሱ ከረጠበና ነፋስ ካገኘው ሊገድለው ይችላል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይሉታል። መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል። ቀጥሎ ምላስ ይተሳሰራል፣ እጅ አልታዘዝ ይላል። ከዚያ ማመዛዘን ይጠፋል። መጨረሻ ላይ አንዳንዱ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን እስከማውለቅ ይደርሳል። እንግዲህ ሰውዬው በረዶ ላይ ጃኬቱን ሲፈታ ብትሰሙ ደራሲው አልተሳሳተም። ተራኪው ቃላት ማንተባተብ ሲጀምርም ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም።

ከፍታውን ደግሞ በጫማ ነው የሚናገሩት፤ አንድ ጫማ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል። «አራት ሺህ ጫማ የሚያህል አስፈሪ ተራራ» ሲሉ 1,200 ሜትር ገደማ ማለታቸው ነው። እኛ እኮ 2,400 ሜትር ላይ ነን ቡና የምንጠጣው። እንጦጦ 3,200 ይጠጋል። መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ሳቄን ያቆመልኝ አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር ያለው የዋሽንግተን ተራራ ነው። ቁመቱ 1,917 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1934 ሚያዝያ ላይ ግን እዚያ ጫፍ ላይ የተለካው ነፋስ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር ነበር። እኛ በምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ከፍታችን አይታወቀንም። እነሱ ወደ ሰሜን ርቀው ስለሆኑ ትንሿ ተራራ ትበቃቸዋለች።

ወሩም ያታልላል። «ጁላይ» ሲባል እኔ ሐምሌ ይመጣብኛል፤ ጭቃ፣ ጭጋግ፣ የጎርፍ ድምፅ። የእነሱ ጁላይ በጋ ነው፣ ሰው ቁምጣ ለብሶ የሚወጣበት። ብርዱ የሚጀምራቸው እኛ የመስቀልን አበባ ሸኝተን ፀሐይ በምንሞቅበት ጥቅምት ላይ ነው። «ኦክቶበር» ላይ ቀጭን ሹራብ ብቻ ይዞ ሲወጣ ደራሲው አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው።

ሰዓቱ ላይ ስድስት መቀነስና መደመሩ ያው የለመድነው ነው። «ቱ ኤኤም» ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ያልለመድነው የፀሐይዋ ነገር ነው። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች፣ ከገባች በኋላ ድንግዝግዙ ብዙም አይቆይ። ሰኔ ላይ የስኮትላንድ ደጋ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ፈላጊዎቹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያለ ባትሪ ሲፈልጉ ቢሰማ አትደነቁ። በክረምታቸው ደግሞ ይገለበጣል፤ ሰውዬው ከምሳ በኋላ ትንሽ ቢዘገይ ጨለማ ይወርድበታል።

5. ጫካውን በትክክል ሳሉት

እዚህ ላይ ካራ መኖሬ አሳስቶኛል። ጫካ ሲባል የሚታየኝ ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ከሥሩ ብዙ የማያበቅል፣ ከመሀሉ ሆነህ ሩቅ የምታይበት። በልቦለዱ ውስጥ ግን ሰውዬው አምስት እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ቦርሳውን አጣው ይላል። እንዴት? አልገባኝም ነበር።

የገባኝ መናገሻ ሱባ የሄድኩ ቀን ነው። ከከተማው በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ደን። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ። በትውፊት በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ይነገራል። እኩለ ቀን ላይ ከሥሩ ደብዘዝ ይላል። ግንዱ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፣ መሬቱ ድምፅ ይውጣል። ጓደኛዬ ከፊቴ ታጠፈና ስሙን ጠራሁት፤ የመለሰልኝ ከጠበቅኩት በተቃራኒ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ስሰማ የማስበው ያንን ነው። አንዴ ሄዳችሁ እዩት፣ ለአሥር መጽሐፍ ይሆናችኋል።

ጥቂት ቃላትም አስቀድሞ መያዝ ይጠቅማል። ትሬይል የእግር መንገዱ ነው። ሪጅ ሸንተረር፣ ክሪክ ጅረት፣ ኬርን መንገድ ለማሳየት የተከመረ ድንጋይ። ሬንጀር ከተራ የደን ዘበኛ ከፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ፍለጋውን ሲመራ የምትሰሙት እሱን ነው። ብሌዝ የሚባለው ነው እኔን ያዋረደኝ። በመዝገበ ቃላት ነበልባል ነው። «ብሌዙን ማየት አቆምኩ» ሲል እሳቱ ጠፋ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ዛፍ ላይ የተቀባ የመንገድ ምልክት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 14 ክፍለ ግዛቶችን አቋርጦ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው የአፓላችያን መንገድ በነጭ ቀለም ነው የተመራው፤ 5 ሴንቲ ሜትር በ15 የሆነ ጭረት፣ ዛፍ ላይ። ብሌዝ ጠፋ ማለት ሰውዬው መጥፋቱ ተጀመረ ማለት ነው። እኔ ያን ጊዜ እፎይ ብዬ ሻይ አፈላ ነበር።

6. የምትሰሙበትን ቦታ ምረጡ

ታክሲ ጥሩ ነው። ከካራ መገናኛ በመጨናነቅ ሰዓት 40 ደቂቃ ከወሰደ፣ ደርሶ መልስ 1 ሰዓት ከ20 ይሆናል። የ10 ሰዓት መጽሐፍ በስምንት የሥራ ቀን ያልቃል። ግን በአንድ ጆሮ ብቻ። ሌላኛው ጆሮ «ወራጅ አለ» ለማለት ያስፈልጋል። እኔ አንዴ ሰውዬው ዋሻ ውስጥ ሲገባ እኔም ከፌርማታዬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። ስልካችሁን ኪስ አስገቡት፤ በመስኮት በኩል ይዛችሁ አትቀመጡ። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው መንገር ነውር ነው፣ ግን ልብ ሲንጠለጠል እጅም ይረሳል።

ሽንኩርት መክተፍ፣ ልብስ ማጠብ፣ ምስር መልቀም፣ እነዚህ ሁሉ ይመቻሉ። እጅ ይሠራል፣ ጆሮ ነፃ ነው። የሚያስብ ሥራ ላይ ግን አይሆንም። ቢሮ ውስጥ ሒሳብ እየሠራሁ ሞክሬ ሒሳቡም ሰውዬውም ጠፉብኝ።

ጫካ ውስጥ አትስሙ። ይህንን በቀልድ እንዳትወስዱት።

ነሐሴ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት። ወደ ዋሻ ሚካኤል አቅጣጫ ባሕር ዛፉን ይዤ ወጣሁ። ሁለቱንም ጆሮዬን ደፍኛለሁ። ታሪኩ ጥሩ ቦታ ላይ ነበር፤ ሰውዬው ቆሞ «መንገዱ የት ገባ?» ይላል። ጭጋግ ወረደ። እኔም እየሄድኩ ነው። ስንት ደቂቃ እንደሄድኩ አላውቅም። ድንገት ክንዴን የሆነ ነገር ነካኝ፣ ወደ ላይ ዘለልኩ። እንጨት የተሸከሙ እናት ናቸው። ለካ ከኋላዬ ሲጣሩ ቆይተዋል።

«ልጄ፣ አትሰማም እንዴ?»

«ይቅርታ እማማ፣ መጽሐፍ እየሰማሁ ነው።»

«የምን መጽሐፍ?»

«ጫካ ውስጥ ስለጠፋ ሰው።»

በሸክማቸው እንደጎበጡ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ ወዴት ነህ?»

«ወደ ቤት፣ ወደ ካራ እየተመለስኩ ነው።»

«ካራማ በጀርባህ ነው» አሉና ዱላቸውን ወደ መጣሁበት ቀሰሩ። ከኋላቸው እየተከተልኩ ወረድኩ። ጥቂት ከሄድን በኋላ «ሰውዬው ተገኘ?» አሉኝ።

ጅቡ፣ ውሻው፣ ሌባው፣ ገደሉ ሁሉ በድምፅ ነው የሚታወቀው። በእግር ስትወጡ ስልኩን ዝም አሰኙት።

7. ከሰውዬው ቀድማችሁ ወስኑ

እዚህ ነው ደስታው። ሰውዬው ውሳኔ የሚያደርግበት ቦታ ሲደርስ አቁሙት። እኔ ብሆንስ በሉ። ከዚያ አስቀጥሉት። ይህን ለማድረግ ግን ትክክሉን በመጠኑ ማወቅ ያስፈልጋል።

የፈላጊዎች የመጀመሪያ ምክር «ቁም» ነው። መጥፋትህን ስታውቅ አትንቀሳቀስ፣ ቁጭ በል፣ አስብ፣ ዙሪያህን እይ፣ ከዚያ አቅድ። በልቦለድ ግን የሚቆም የለም፤ ሁሉም «ከዚያች ጉብታ ወዲያ መንገዱን አገኘዋለሁ» ይላል። ጉብታዋን ያልፋል፣ ሌላ ጉብታ አለ። ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን ቱቢንገን ያሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ጫካና በረሃ ውስጥ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ ብለው አሰማሯቸው። ፀሐይ ወይም ጨረቃ የሚታያቸው ቀጥ ብለው ሄዱ። ደመና የሸፈናቸው ክብ ሠርተው የራሳቸውን ዱካ አቋረጡ፣ ያውም ሳያውቁት። ስለዚህ ሰውዬው የጫማ ዱካ አግኝቶ «ሰው አለ!» ብሎ ሲደሰት እናንተ ቀድማችሁ ማዘን ትችላላችሁ።

የዛፍ ሽበት በሰሜን በኩል ብቻ ይበቅላል ካለ አትመኑት። እርጥበት ባገኘበት ሁሉ ይበቅላል። ወንዝ ተከትዬ እወርዳለሁ ካለ ጆሯችሁን አቁሙ፤ አንዳንዴ ሰው መንደር ያደርሳል፣ አንዳንዴ ፏፏቴ አፋፍ ላይ ይጥላል፣ ዳርቻውም ብዙ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሦስት ጊዜ ፉጨት፣ ሦስት እሳት፣ ሦስት የባትሪ ብልጭታ የጭንቅ ምልክት ነው። ሩቅ ሦስት የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ ካለ በወረቀታችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ በኋላ ይመለሳል። ስልኩ ደወል አልወጣ ሲለው አጭር መልእክት ሊያልፍ እንደሚችልም ያዙ። ኔትወርክ ደካማ ሲሆን ከጥሪ ይልቅ ጽሑፍ ይሻላል። አንዱ ጀግና ባትሪውን የትዳሩን ፎቶ እያየ ጨረሰው። እኔ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ጮህኩበት።

8. ማታ ከሆነ

ራሱን የሚያጠፋውን ሰዓት 15 ደቂቃ ላይ አድርጉት። ካልሆነ እናንተ ተኝታችሁ እሱ ሲጠፋ፣ ሲራብ፣ ሲገኝ ያድርና ጠዋት መጨረሻው ላይ ትነቃላችሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች መብራት በጠፋበት ሌሊት አልመክርም። በተለይ የጅብ ድምፅ ከየትኛው እንደሚመጣ፣ ከስልኩ ወይስ ከውጭ፣ መለየት ስለሚከብድ። በእነሱ ጫካ ጅብ እንደሌለ የማስታውሰው እየቆየ ነው።

9. ለሌላ ሰው ተርኩት

የሰማችሁትን የያዛችሁ መሆናችሁ የሚታወቀው ስትነግሩት ነው። እኔ እሑድ እሑድ ጎረቤት ቡና ላይ እተርካለሁ። የቤቱ ባለቤት እማማ እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ ግን ታሪክ ይሰማሉ። ወረቀቴን ረከቦቱ አጠገብ ዘርግቼ በአማርኛ አወራለሁ። ጀበናው እስኪፈላ አንድ ቀን፣ በአቦል አንድ ቀን፣ በቶና አንድ ቀን። የረሳሁት ካለ ይይዙኛል። «ቅድም ክብሪቱ ርሷል አላልክም? አሁን በምን አነደደው?» ሲሉኝ አጣራሁ። ልክ ናቸው፤ አንዲት ክብሪት በፕላስቲክ ጠቅልሎ ደብቆ ነበር፣ እኔ ነኝ ያመለጠኝ።

ከባዱ መጨረሻውን መናገር ነው። የመጨረሻውን መጽሐፍ ስጨርስላቸው ሰውዬው በሕይወት አልተገኘም ነበር። ያገኙት ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ነው፣ ዘግይተው። እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ። በረካውን ቀድተው ለእኔ ሰጡኝና ለራሳቸው ሳይቀዱ ቆዩ።

«ውሻ እንኳ ይዞ ቢሄድ» አሉ።

«አዎ።»

«እናት የለውም? ስታጣው አልጮኸችም?»

እናቱን ወረቀቴ ላይ ፈለግኳት። የለችም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ መልሼ ልሰማው ነው።